ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፦ ቤት ለምትገዙ ልጆቼ

ልጆቼ፣ የቤት መግዣ ገንዘብ ምን ያህል ተለፍቶ እንደሚጠራቀም አውቃለሁ። ዕቁብ ተጥሎ፣ ከባንክ ተበድሮ፣ አንዳንዴም ዓረብ አገር ያለች እህት ላቧን ጨምራበት የሚሞላ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ጥንቃቄ አይጎድላችሁም። ካርታው የሻጩ መሆኑን ታጣራላችሁ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ትጠይቃላችሁ፤ ሳሎኑን በእርምጃ ትለካላችሁ፤ የመኪና ማቆሚያውን ታያላችሁ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን በሳኒተሪ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ሌሎች የማይነግሯችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ቤት ዞሮ ሲያይ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ እጁን ከሥር የሚያደርግ ገዢ ጥቂት ነው። የሙቅ ውሃው መስመር ግን ስለ ቤቱ እውነቱን ከማንም በላይ የሚናገር ምስክር ነው።

ለምን ቢባል፣ ውሃ፣ መብራትና የባለሙያ እጅ ሦስቱም የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሥራ ጉድለትን ለዓመታት ሸፍኖ ሊያኖር ይችላል፤ ሙቅ ውሃ ግን አይሸፍንም። ደካማውን ቱቦ ያለሰልሰዋል፤ ዝገትን ያፋጥናል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን አውጥቶ ያጋግራል፤ መስመሩ በየቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መጋጠሚያው እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ ግድግዳው ውስጥ የተሸፋፈነ ነገር ካለ ቀድሞ የሚጋለጠው በዚህ በኩል ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉትን ቃል ቤት ገዢ ሁሉ ቃል በቃል ቢይዘው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምመክራችሁ ስለ ጊዜው ነው። ይህን ምርመራ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጨርሱት። ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣሉ» እያለ ያጣድፋችኋል። ሥራው ነውና አትቀየሙት፤ ግን አትታዘዙት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ላፍርስ ካለ ቀብዱ እንደሚቀርበት፣ የተቀበለው ደግሞ ላፍርስ ካለ እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል። እንግዲህ ገንዘቡን ከቆጠራችሁ በኋላ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ እንደሚያፈስ ብትሰሙ፣ ወይ ቀብዱን ትታችሁ ትወጣላችሁ፣ ወይ ጉዱን ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ ወይ ፍርድ ቤት ትመላለሳላችሁ። ያኔ የምታሰሙት ጩኸት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ በቤት ግዢ ላይ ደግሞ የሚለቀመው የዓመታት ድካም ነው።

ቤቱን በአንድ ጉብኝት አትጨርሱት። በመጀመሪያው ቀን «ዛሬ የውሃ ፈረቃችን አይደለም»፣ «መብራት አሁን ጠፋ» ትባሉ ይሆናል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ በከተማችን ያለ ነገር ነው። እናንተም በክብር «እንግዲያው ውሃና መብራት ባለበት ቀን ተመልሰን እንመጣለን» በሉ፤ ተመለሱም። ሌላም ልብ በሉ። እንግዳ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ቦይለሩን አስቀድሞ ሲያሞቅ አድሮ ይጠብቃል። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ እናንተ ግን ያያችሁት የሞቀውን ውሃ እንጂ ማሞቂያውን አይደለም። አንድ ቀን አስቀድማችሁ ደውሉና «ቦይለሩን ማታውኑ አጥፉልን፤ ከቀዝቃዛው ተነሥቶ ሲሞቅ ማየት እንፈልጋለን» ብላችሁ ለምኑ። የሚሸሽገው የሌለው ሻጭ በደስታ እሺ ይላል።

ግቢ ስትገቡ በቀጥታ ወደ ሻወሩ አትሂዱ። መጀመሪያ የውሃ ማጠራቀሚያውን ሮቶ እዩ። ውሃው ወደ ቤት የሚወርደው በከፍታው ብቻ ነው ወይስ በፓምፕ? በከፍታ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይሰጣል። ከሮቶው የውሃ ወለል እስከ ሻወሩ ራስ 2 ሜትር ብቻ ካለ፣ የምታገኙት የ1 ባር አንድ አምስተኛ ነው። ምድር ቤት ያለው ቧንቧ ጥሩ ሲፈስ አይታችሁ አትደሰቱ፤ የላይኛው ፎቅ ሻወር ላይ ወጥታችሁ ክፈቱ። በተለይ ውሃውን ሲያልፍ ብቻ የሚያሞቀው ትንሹ የሻወር ማሞቂያ ግፊቱ ካነሰ ጭራሽ አይነሣም። በፓምፕ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቤቱ ውሃ አልባ እንደሚሆን አውቃችሁ ግቡ። ፓምፑ ሲነሣ ድምፁን ስሙ፤ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት እየቆየ የሚነሣ የሚጠፋ ከሆነ ውሃው በሆነ ቦታ እየሾለከ ነው።

ውሃው ራሱም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። የአዲስ አበባ ውሃ ከፊሉ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከፊሉ ደግሞ ከአቃቂና ከሌሎች ጉድጓዶች የሚሳብ ነው። አንዳንድ ግቢም የራሱን ጉድጓድ ያስቆፍራል። የጉድጓድ ውሃ በአብዛኛው ማዕድን ይበዛዋል፤ እንዲህ ያለው ውሃ ሲሞቅ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። የድሬዳዋ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። እናንተም የሻወሩን ራስ ቀዳዳዎችና ኩሽና ውስጥ ያለውን የውሃ ማፍያ ሆድ ተመልከቱ። ነጭ የተጋገረ ነገር ካያችሁ፣ ያው ነገር በቦይለሩ ሆድ ውስጥ ከዚያ በርትቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ዝቃጩ የውሃውን ቦታ ይይዛል፤ ውሃውን የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ ሸፍኖ ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ ቧንቧዎቹ ኑ። ባለ 1 ሊትር ጆግና የእጅ ሰዓት ይበቃችኋል። በአንድ ሚክሰር ላይ ቀዝቃዛውን ሙሉ ከፍታችሁ ጆጉ በስንት ሰከንድ እንደሞላ ያዙ፤ ከዚያ ሙቁን ብቻ ከፍታችሁ እንደዚያው ለኩ። ሁለቱ ከተቀራረቡ መልካም ነው። ቀዝቃዛው በ10 ሰከንድ ሞልቶ ሙቁ 25 ሰከንድ ከፈጀ፣ በሙቁ መስመር ላይ የታነቀ ነገር አለ። የቦይለሩ ቫልቭ በከፊል ተዘግቶ ከሆነ ቀላል ነው፤ ከፍቶ ማየት ነው። ዋናው ቱቦ ከሆነ ግን ሴራሚክ ማፍረስን ይጠይቃል። ይህን ሙከራ በኩሽናም፣ በእያንዳንዱ መታጠቢያ ቤትም አድርጉት። አንዱ ብቻ ደካማ ከሆነ ችግሩ እዚያው አካባቢ ነው፤ ሁሉም ደካማ ከሆኑ ግን ከሥሩ ነው።

በአሮጌ ቪላዎች ውስጥ ያለው በአብዛኛው የብረት ቱቦ ነው። አንድ ጊዜ ከእንደዚህ ያለ ቤት ግድግዳ ያወጣሁትን የሙቅ ውሃ ቱቦ በመጋዝ ቆርጬ ለባለቤቶቹ አሳይቻለሁ። በውጭ በኩል አውራ ጣት የሚያክል ጤነኛ ቱቦ ነው፤ ቀለሙ እንኳ ብዙ አልተለወጠም። ውስጡ ግን ዙሪያውን ቡናማና ጥቁር ዝገት እየተደራረበ ገብቶበት፣ መሃሉ ላይ እስክሪብቶ የማታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። ጫፉን መሬት ላይ መታ መታ ሳደርገው ዝገቱ እንደ ቅጠል ተልጦ ወደቀ። ላዩን ደህና፣ ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ የብረት ቱቦ ያለበትን ቤት ስታዩ በጠዋት ሂዱ። ሌሊቱን ሙሉ ያልተከፈተ የሙቅ ውሃ ቧንቧ የመጀመሪያ ውሃውን በነጭ ብርጭቆ ወይም በነጭ ሳህን ተቀበሉ። ቀይ ቡናማ ሆኖ ከወረደ፣ ወይም የዝገት ፍርፋሪ ከሥሩ ከቀረ፣ የሙቁን መስመር ሙሉ በሙሉ የመቀየር ወጪ በዋጋው ላይ ታስቦ መነጋገር አለባችሁ።

በአዳዲስ ቤቶች ደግሞ በብዛት የምታገኙት በሙቀት የሚበየደውን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ፒፒአሩን ነው። ጥሩ ቱቦ ነው፤ አይዝግም። ነገር ግን ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው፤ ለቀዝቃዛ የተሠራው ለሙቅ አይሆንም። ለሙቅ የሚሆነው ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ በላዩ ላይ «ፒኤን 20» ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቀይ መስመር አለበት። ቦይለሩ አጠገብ ወይም ጣሪያው ላይ የተጋለጠ ቱቦ ስለማይጠፋ ጽሑፉን አንብቡ። ፒፒአር ሲሞቅ ይረዝማል፦ ባለ 10 ሜትር ቱቦ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለጠጣል። ጣሪያ ላይ ቀጥ ብሎ፣ መታጠፊያ ሳይኖረው፣ በክላምፕ ጥፍር ተደርጎ ከታሰረ አንድ ቀን መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ፀሐይም ታደርቀዋለች፤ ስለዚህ የተሸፈነ መሆኑን እዩ። ከአልሚ የምትገዙ ከሆነ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ቱቦው በግፊት ተፈትኖ እንደነበረ ጠይቁ፤ ቱቦው በየት በየት እንደሄደ የሚያሳይ ሥዕል ወይም ልስኑ ሳይመታ የተነሣ ፎቶ ካለም ውሰዱ። ነገ ግድግዳ ስትበሱ ያ ፎቶ ወርቅ ነው።

ቧንቧውን ከፍታችሁ ሙቁ እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደምትጠብቁም ልብ በሉ። ቦይለሩ ከሻወሩ 20 ሜትር ከራቀ፣ በመካከል ባለው ቱቦ ውስጥ ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ የቀዘቀዘ ውሃ አለ። ቤተሰቡ በቀን አሥር ጊዜ ቢከፍት 30 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን ተኩል ማለት ነው፣ ዝም ብሎ ይፈሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቦይለሩ ዘንድ ስትደርሱ በመጀመሪያ የተሰቀለበትን ግድግዳ እዩ። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ሲሞላ ከራሱ ክብደት ጋር 100 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር የተሰቀለ ከሆነ፣ ከሥሩ የሚታጠበው ሰው ሁልጊዜ በአደጋ ሥር ነው። ከቦይለሩ ራስ ወደ ግድግዳው የተሰነጠቀ መስመር ካለ፣ ወይም ቦይለሩ ወደ ፊት ዘንበል ካለ፣ እንዲህ ያለው ነገር ሳይስተካከል አትግቡ።

ከዚያ ከሥሩ በቀዝቃዛው ውሃ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሿን ቫልቭ ፈልጉ። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የተባለው ለእሷ ይመስለኛል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። መውጫው ይህች ቫልቭ ናት። ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቷ ብልሽት አይደለም፤ ሥራዋ ነው። አንዳንድ ሰው ግን ጠብታው ሲያስቸግረው በቡሽ ይደፍናታል ወይም አውልቆ ተራ መገጣጠሚያ ይተካል። ይህን ካያችሁ ቦይለሩን ማንም እንዳያበራ ንገሩ፤ ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ካልቆረጠ ግፊቱ የሚወጣበት የለውም። ቫልቯ ሌላም ሥራ አላት፦ የመስመሩ ውሃ ሲቋረጥ የቦይለሩ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ትከለክላለች። ከሌለች ሮቶው ባለቀ ቁጥር ቦይለሩ ሊጎድልና ሬዚስታንሱ በባዶው ሊቃጠል ይችላል።

አሁን አብሩትና ሰዓት ያዙ። 1500 ዋት ያለው ባለ 80 ሊትር ቦይለር ውሃውን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ ባለ 50 ሊትሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ዋቱና ሊትሩ በጎኑ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አለ። ሳይሞቅ ከቀረ ወይም ከዚህ በእጅጉ ከዘገየ ሬዚስታንሱ ወይም ቴርሞስታቱ ችግር አለበት። ቶሎ ሞቆ ሻወሩ ላይ ደግሞ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሆዱን ዝቃጭ ይዞታል ወይም ቴርሞስታቱ ቀድሞ እየቆረጠ ነው። ይህ ጊዜ አያባክንባችሁም፤ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ሌላውን ክፍል እያያችሁ፣ ጎረቤት እያነጋገራችሁ ትቆያላችሁ። ማግኒዚየም ዘንጉ መቼ እንደተቀየረም ጠይቁ። ይህ ዘንግ በታንኩ ብረት ፈንታ ራሱ የሚበላ ነው፤ ካለቀ በኋላ ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል። ባለቤቱ «ምን ዘንግ?» ካላችሁ ተቀይሮ አያውቅም ማለት ነው።

ሙቀቱን ስታስተካክሉ ሁለት ነገር አብራችሁ አስቡ። በታንክ ውስጥ ለብ ብሎ የሚቆይ ውሃ፣ በተለይ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ያለው፣ ለሳንባ ጠንቅ የሆነው ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ የሚራባበት ነው፤ ስለዚህ ታንኩ 60 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። 60 ዲግሪ ውሃ ደግሞ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ያቃጥላል። ስለሆነም ሚክሰሩ በትክክል የሚያቀላቅል፣ ቀዩ በግራ የሆነ፣ በድንገት ከቀዝቃዛ ወደ ፈላ የማይዘል መሆኑን አይታችሁ ግቡ። የልጅ ቆዳ ሳሳ ያለ ነው።

ስለ መብራቱ የምናገረው ግን የሕይወት ጉዳይ ነውና አጥብቃችሁ ስሙኝ። ባለ 1500 ዋት ቦይለር 7 አምፔር ያህል ይስባል፤ ውሃውን ሲያልፍ የሚያሞቀው ባለ 5500 ዋት ማሞቂያ 25 አምፔር ይስባል። ለሶኬት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል። የማሞቂያው ሽቦ ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው የመጣ፣ የራሱ ብሬከር ያለው መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ግራውንዱ ይታይ። የግራውንድ ሽቦ ቦይለሩ ላይ ታስሮ ሌላው ጫፉ የትም ያልገባበት ቤት ሞልቷል። ከታሰረበት እስከ መሬቱ ድረስ መድረሱን በመሣሪያ የሚለካ የመብራት ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ። በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የንዝረት መከላከያ ብሬከር መኖሩንም፣ የመሞከሪያ ቁልፏ ስትጫን መቁረጧንም ያሳያችሁ። እናንተ ራሳችሁ ሽቦ አትንኩ። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ነው። ለአንድ የሳኒተሪና ለአንድ የመብራት ባለሙያ የምትከፍሉት የአንድ ቀን አበል ከቤቱ ዋጋ አጠገብ ቢቀመጥ ኢምንት ነው። ከሚታጠብ ልጅ ሕይወት አጠገብ ቢቀመጥማ ስሙም አይነሣም።

ቀጥሎ የማይታየውን ፈልጉ። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ይባላል፤ ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቱቦ እንዲሁ ነው፣ ሳያስደነግጥ ቤት ይጨርሳል። ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ያለው ክፍል ግቡና ቁም ሣጥኑን ሳብ አድርጋችሁ እዩ። ያበጠ ቀለም፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር፣ ሻጋታ፣ የሰናፍጭ ያህል እንኳ ብትሆን እርጥብ ቦታ ፈልጉ። ቤቱ ሁሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ከተቀባ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። በክረምት ያያችሁትን እርጥበት ሻጩ «ዝናብ ነው» ሊላችሁ ይችላል፤ በጥርና በየካቲት ያያችሁት እርጥበት ግን ከቱቦ በቀር የሚያላክክበት የለውም። ጫማችሁን አውልቁና በመታጠቢያ ቤቱና በኮሪደሩ ሴራሚክ ላይ ሂዱ። አንዱ ቦታ ለብ ካለ ከሥሩ የሙቅ ውሃ መስመር አለ፤ እየሰፋ የሚሄድ ሙቀት ከሆነ ደግሞ እያፈሰሰ ነው።

ሻጩ ከፈቀደ አንድ ሌሊት የሚፈጅ ሙከራ አለ። ማታ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ፣ ወደ ሮቶው የሚገባው ውሃ ተቆልፎ፣ የውሃው ልክ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት። ጠዋት ወርዶ ከተገኘ ፍሳሽ አለ። በማግሥቱ ማታ የቦይለሩን መግቢያ ቫልቭ ዘግታችሁ ድገሙት። አሁን መውረዱን ካቆመ፣ የሚያፈሰው የሙቁ መስመር ነው። ሽንት ቤቱ ውስጥ የሚንጠባጠብ ታንክ እንዳያሳስታችሁ እሱንም ዝጉት። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው፣ ይህን ያህል ቀላል ምርመራ ዛሬ ነው ማድረግ።

ኮንዶሚኒየም የምትገዙ ከሆነ ከናንተ በታች ያለውን ጎረቤት በር አንኳኩ። ቡና ይጋብዟችሁ ይሆናል፤ ግቡ። የመታጠቢያ ቤታችሁን ኮርኒስ ወይም ሶሌታ አሳዩን በሉ። የላይኛው ቤት ፍሳሽ የሚታየው እዚያ ነው። ከታች ያለው ሰው ለዓመታት ሲከራከርበት የኖረውን ነገር ሻጩ ምናልባት ሳይነግራችሁ ቀርቶ ይሆናል። የነዋሪዎቹን ኮሚቴም አግኙ፤ በሕንፃው ላይ ወጥቶ ለሁሉም የሚያከፋፍለው ቱቦ የጋራ ነው፤ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራውና ውዝፍ ዕዳ እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ።

ጣሪያው ላይ የሶላር ማሞቂያ ካለም ወጥታችሁ እዩት። የመስታወት ቱቦ ያለው ዓይነት ከሆነ የቱቦዎቹን የታችኛውን ጫፍ ተመልከቱ። ጫፉ እንደ መስታወት ብርማ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ነጭ ወተት መስሎ ከታየ ያ ቱቦ አየር ገብቶበታል፣ ሙቀት አይዝም። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ስለሚበዛ አብሮት የመብራት ሬዚስታንስ መኖሩን ጠይቁ። ባለ 200 ሊትር ታንክ ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ነውና የቆመው በሶሌታ ላይ ነው ወይስ በቆርቆሮው እንጨት ላይ የሚለውን ሳታዩ አትውረዱ።

ከአገር ውጭ ሆናችሁ በውክልና የምታስገዙም ይህን ምክር ለወኪላችሁ ላኩለት። ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ተቀምጦ የሳሎኑን ቪዲዮ ማየት ቤት ማየት አይደለም። ወንድማችሁ ስልኩን ይዞ ሙቁን ቧንቧ ሲከፍት፣ ጆጉ ሲሞላ፣ የቦይለሩን ቫልቭ ሲያሳይ፣ ቁም ሣጥኑን ሲስብ ሳይቋረጥ ይቅረጽላችሁ። ይህን መጠየቅ ወንድምን አለማመን አይደለም፤ እሱንም ነገ «ለምን ሳታይ ገዛህ?» ከሚል ወቀሳ ማዳን ነው።

ያገኛችሁትን ሁሉ በወረቀት አስፍሩ። ሻጩ «ቦይለሩን አስጠግናለሁ፣ ፍሳሹን አሠራለሁ» ቢላችሁ አመስግኑትና ውሉ ላይ ይግባ በሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ሕጉም ያዛል፤ የቃል ተስፋ ከዚያ ውጭ ሲቀር ለክርክር አይመችም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላልና ወረቀቱ ይያዝላችሁ። ቦይለሩ፣ ፓምፑ፣ ሮቶው፣ ሶላሩ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሸጥ መሆኑም በስማቸው ይጻፍ፤ በርክክብ ቀን ግድግዳው ላይ አራት ቀዳዳና ሁለት የተንጠለጠለ ቱቦ ብቻ ያገኙ ሰዎች አሉ። ሕጉ ሻጭን ለተሰወረ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ገዢው አውቆት የነበረውን ወይም ዓይኑ እያየ ያለፈውን ጉድለት ግን በኋላ ላንሳው ቢል የሚሰማው የለም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ጉድለት የተገኘበት ቤት ሁሉ አይገዛ ማለቴ አይደለም። የተበላሸ ቦይለር ይቀየራል፤ የላላ ቫልቭ ይጠብቃል። የታነቀ የሙቅ መስመር እንኳ በግድግዳው ላይ በሚታይ አዲስ ቱቦ ሊተካ ይችላል። የባለሙያውን ግምት ይዛችሁ ሻጩን «ወይ አስተካክለው ያስረክቡን፣ ወይ ከዋጋው ላይ ይቀነስልን» በሉት። የግራውንድ አለመኖርንና የተደፈነ ቫልቭን ግን ለድርድር አታቅርቡ፤ ሳይስተካከሉ አንድም ሰው አይታጠብበት። በርካሽ አገኘሁ ብሎ ይህን ችላ የሚል ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ይመስላል።

ስትጠይቁ ደግሞ በትሕትና ጠይቁ። ሻጩ ሌባ ነው ብላችሁ አትነሡ፤ ብዙ ሰው በገዛ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለውን አያውቅም። እናንተም አንድ ቀን ሻጭ ትሆናላችሁና ያኔ የቤታችሁን ጉድለት ገዢው ሳይጠይቅ ንገሩት። በሐቅ የተሸጠ ቤት ለሻጩም ለገዢውም እንቅልፍ ይሰጣል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል፤ እናንተን ግን መከራ እንዲመክራችሁ አልፈልግም፤ ይህን ሁሉ የተናገርኩትም ስለዚህ ነው። የምትገቡበት ቤት የሰላም ይሁን፤ ውሃው አይቋረጥባችሁ፣ መብራቱ አይጉዳችሁ፤ ልጆቻችሁን አጥባችሁ፣ አሳድጋችሁ የምትድሩበት ያድርግላችሁ። አሜን።